እ.ኤ.አ. 1969፦ የዓለምን አቪየሽን መልክ የቀየረው ዓመት

በዓለም የአቪየሽን ታሪክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ1969ን ያህል በርካታ ዐበይት ክንውኖችን ያስተናገደ ዓመት ማግኘት ያዳግታል። ቦይንግ 747 የተባለው ግዙፍ የመንገደኞች አውሮፕላንና ከድምፅ ፍጥነት በላይ የሚበረው ኮንኮርድ በሦስት ሳምንታት ልዩነት ለመጀመሪያ ጊዜ የበረሩት በዚሁ ዓመት ነው። ለኤርባስ ኩባንያ መመሥረት መነሻ የሆነው ስምምነት የተፈረመውና የሰው ልጅም ጨረቃን የረገጠው በዚሁ ዓመት ነበር።

በሌላ በኩል ዓመቱ የአውሮፕላን ጠለፋ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰበት፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በውጭ አገርና በአገር ውስጥ በተደጋጋሚ ለጥቃት የተዳረገበት ነው። ከስድስት ዓመታት በፊት ተፈርሞ በሥራ ላይ ሳይውል የቆየው የቶኪዮ ስምምነት ሕጋዊ ኃይል ያገኘውም በዚሁ ዓመት መጨረሻ ላይ ነበር።

የዓመቱ ክንውኖች ዛሬ ላይ ሆነው ሲታዩ አንድ ቁም ነገር ጎልቶ ይወጣል። ይኸውም በወቅቱ ከፍተኛውን አድናቆት ያገኙት ሥራዎች ሁሉ ዘላቂ ውጤት ያላስገኙ ሲሆን፣ ብዙ ትኩረት ያልተሰጣቸው ስምምነቶችና ውሳኔዎች ግን ዛሬም መንገደኛው የሚጓዝበትን ሥርዓት የቀረፁ መሆናቸው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም» የሚል ምልክት ያለባቸው ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት ያለባቸው ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተገለጹ ናቸው። እ.ኤ.አ. 1969 በአገራችን አቆጣጠር ከታኅሣሥ 1961 ዓ.ም እስከ ታኅሣሥ 1962 ዓ.ም ያለውን ጊዜ ይሸፍናል።

የግዙፉ አውሮፕላን መወለድ

ቦይንግ 747 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው የካቲት 2 ቀን 1961 ዓ.ም በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በኤቨረት ከተማ ከሚገኘው ፔይን ፊልድ አየር ማረፊያ ተነስቶ ነው። ዋና አብራሪው ጃክ ዋዴል፣ ረዳት አብራሪው ብራየን ዋይግል፣ የበረራ መሐንዲሱ ደግሞ ጄስ ዋሊክ ነበሩ። በረራው አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል የፈጀ ሲሆን፣ በክንፉ ተዘርጊ ክፍሎች ላይ ከታየው መጠነኛ ችግር በስተቀር በሰላም ተጠናቋል።

የፕሮጀክቱ መነሻ ፓን አሜሪካን የተባለው አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1966 ያቀረበው የ25 አውሮፕላኖች ግዥ ትዕዛዝ ነው። የትዕዛዙ ጠቅላላ ዋጋ 525 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የወቅቱ የአየር ጉዞ ፈላጊ ቁጥር በየዓመቱ በፍጥነት እያደገ በመሄዱ የአየር ማረፊያዎች መጨናነቅ አሳሳቢ ሆኖ ነበር። የአየር መንገዱ ኃላፊ ሁዋን ትሪፕ የጠየቁትም ከቦይንግ 707 ሁለት እጥፍ በላይ መንገደኛ የሚይዝና የአንድ መቀመጫን ወጪ የሚቀንስ አውሮፕላን ነው። በዋና መሐንዲሱ ጆ ሰተር የተመራው ቡድን ንድፉን በሚያወጣበት ጊዜ ኩባንያው አውሮፕላኑ የሚገጣጠምበትን ፋብሪካ በኤቨረት ጎን ለጎን ይገነባ ነበር።

በዚያን ጊዜ በአምራቾችም ሆነ በአየር መንገዶች ዘንድ ሰፍኖ የነበረው ግምት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የረጅም ርቀት መንገደኞች ከድምፅ በላይ በሚፈጥኑ አውሮፕላኖች ይጓዛሉ የሚል ነበር። በመሆኑም 747 ውሎ አድሮ የጭነት ማመላለሻ እንደሚሆን ታስቦ ነበር። የአብራሪዎቹ ክፍል ከላይኛው ፎቅ የተቀመጠውም የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወደ ላይ ተከፍቶ ጭነት በፊት ለፊት እንዲገባበት ለማስቻል ነው። አውሮፕላኑ ዛሬ በሩቁ የሚታወቅበት ጉብታ መነሻው ይኸው ግምት ነው።

የ747 ስኬት ከሞተሩ ጋርም የተያያዘ ነው። ፕራት ኤንድ ዊትኒ የሠራው አዲሱ ሞተር ከፊቱ ትልቅ ማራገቢያ ያለው ሲሆን፣ ከሚስበው አየር አብዛኛው ከሞተሩ እምብርት ውጭ ያልፋል። ይህ አሠራር ለተመሳሳይ ግፊት የሚያስፈልገውን ነዳጅና የሚወጣውን ድምፅ ይቀንሳል። የዚህ ዓይነቱ ሞተር ዕድገት የአሜሪካ አየር ኃይል ለግዙፍ የማጓጓዣ አውሮፕላን ካካሄደው ውድድር ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ ወታደራዊ ምርምር ለሲቪል አቪየሽን ያደረገውን አስተዋጽኦ ያሳያል። ይሁንና ሞተሩ በሙከራ ወቅት በርካታ ችግሮች አጋጥመውት ነበር። አውሮፕላኑ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1970 ከኒውዮርክ ወደ ለንደን ያደረገው የመጀመሪያ መደበኛ በረራም በሞተር መጋል ምክንያት ለሰዓታት ዘግይቶ፣ በተለዋጭ አውሮፕላን የተከናወነ ነበር።

ከድምፅ በላይ የመፍጠን ውድድር

ከሦስት ሳምንታት በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1961 ዓ.ም፣ የዓድዋ ድል 73ኛ ዓመት በሆነበት ዕለት፣ ኮንኮርድ 001 በፈረንሳይ ቱሉዝ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሬት ተነሳ። አብራሪው አንድሬ ቱርካ ነበሩ። በረራው ከግማሽ ሰዓት በታች የፈጀ ሲሆን፣ ለጥንቃቄ ሲባል የአውሮፕላኑ ጎማዎች እንደተዘረጉ ቆይተዋል። በእንግሊዝ የተገጣጠመው ኮንኮርድ 002 ደግሞ በብራየን ትረብሾ አብራሪነት ሚያዝያ 1 ቀን 1961 ዓ.ም ከፊልተን ተነስቷል። ኮንኮርድ የድምፅን ፍጥነት ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፈው መስከረም 21 ቀን 1962 ዓ.ም ነው።

በዚህ ውድድር ሶቪየት ኅብረት ቀዳሚ ነበረች። ቱፖሌቭ 144 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1968 የመጨረሻ ቀን ሲሆን፣ ግንቦት 28 ቀን 1961 ዓ.ም የድምፅን ፍጥነት በማለፍ ከዓለም የመንገደኞች አውሮፕላኖች የመጀመሪያው ሆኗል።

የኮንኮርድ ፕሮጀክት የተመሠረተው እንግሊዝና ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1962 በተፈራረሙት የመንግሥታት ስምምነት ላይ ነው። ስምምነቱ አንደኛው ወገን ብቻውን ከሥራው እንዲወጣ የሚፈቅድ አንቀጽ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1964 ሥልጣን የያዘው የእንግሊዝ መንግሥት የወጪውን ንረት ተመልክቶ ፕሮጀክቱን ለማቋረጥ ቢፈልግም፣ በውሉ ምክንያት መቀጠል ግድ ሆኖበታል።

አውሮፕላኑ በቴክኒክ ረገድ የተዋጣለት ነበር። ከድምፅ ፍጥነት ሁለት እጥፍ በላይ፣ ማለትም በሰዓት ከ2 ሺህ 100 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ከለንደን ኒውዮርክ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይደርሳል። ነገር ግን የሚይዘው መንገደኛ 100 ያህል ብቻ ሲሆን፣ የሚፈጀው ነዳጅ ከፍተኛ ነበር። የድምፅን ፍጥነት ሲያልፍ የሚፈጥረው ነጎድጓድ መሰል ድምፅ በሕዝብ መኖሪያዎች ላይ እንዳይበር ምክንያት ሆኗል። አሜሪካ የራሷን ተመሳሳይ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1971 የሰረዘች ሲሆን፣ በ1973 ደግሞ የሲቪል አውሮፕላኖች በግዛቷ የብስ ላይ ከድምፅ በላይ እንዳይበሩ ከልክላለች። በዚያው ዓመት የነዳጅ ዋጋ መናሩ ተጨማሪ እንቅፋት ሆነ።

በአንድ ወቅት ከ70 በላይ ኮንኮርዶችን ለመግዛት ፍላጎት ያሳዩት አየር መንገዶች አንድ በአንድ ሲያፈገፍጉ፣ የቀሩት የሁለቱ አምራች አገሮች አየር መንገዶች ብቻ ነበሩ። በጠቅላላው 20 አውሮፕላኖች ተሠርተው ለመደበኛ አገልግሎት የዋሉት 14 ናቸው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2000 በፓሪስ አቅራቢያ በደረሰው አደጋ የ113 ሰዎች ሕይወት ያለፈ ሲሆን፣ ኮንኮርድ እ.ኤ.አ. በ2003 ከአገልግሎት ተሰናብቷል። ቱፖሌቭ 144 በበኩሉ መንገደኞችን ያመላለሰው ከኖቬምበር 1977 እስከ ጁን 1978 ለጥቂት ወራት ብቻ ነበር። ጊዜያዊ ተብሎ የታሰበው 747 ግን 1 ሺህ 574 ያህል ተመርቶ፣ የመጨረሻው አውሮፕላን ለደንበኛ የተላከው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ነው።

በፓሪስ የተፈረመው ስምምነት

ግንቦት 21 ቀን 1961 ዓ.ም በፓሪስ ለቡርዤ በተካሄደው የአየር ኤግዚቢሽን ላይ፣ የጎብኚዎችን ዓይን የሳቡት ኮንኮርድና ቦይንግ 747 ነበሩ። በዚሁ ወቅት የፈረንሳይ የትራንስፖርት ሚኒስትር ዣን ሻማንና የምዕራብ ጀርመን የኢኮኖሚ ሚኒስትር ካርል ሺለር ገና ባልተሠራ አውሮፕላን ሞዴል ውስጥ ተቀምጠው ኤ300 የተባለውን አውሮፕላን በጋራ ለማምረት ተፈራረሙ።

የእንግሊዝ መንግሥት የፕሮጀክቱ ሦስተኛ አባል የነበረ ሲሆን፣ አውሮፕላኑ ገበያ ያገኛል የሚል እምነት ባለማሳደሩ በሚያዝያ 1961 ዓ.ም ራሱን አግልሏል። ይሁን እንጂ ሆከር ሲድሊ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በራሱ ኃላፊነት ክንፉን ለመሥራት ተስማምቶ ቀጥሏል። ኤርባስ ኢንዱስትሪ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1970 በይፋ የተመሠረተ ሲሆን፣ ኤ300 በ1972 በሮ በ1974 አገልግሎት ጀምሯል። ሰፊ አካል ኖሮት በሁለት ሞተር ብቻ የሚበር የመጀመሪያው የመንገደኞች አውሮፕላን ነበር። እንግሊዝ ወደ ኅብረቱ የተመለሰችው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው።

ባለሁለት ሞተር ሰፊ አውሮፕላን ዛሬ የረጅም ርቀት በረራ ዋና መሣሪያ ሆኗል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ቦይንግ 787፣ በ2016 ደግሞ ኤርባስ ኤ350 በመረከብ በሁለቱም ከአፍሪካ ቀዳሚ የሆነ ሲሆን፣ ሁለቱም ዓይነቶች የዚሁ አስተሳሰብ ውጤቶች ናቸው።

በዚያው ዓመት ያለብዙ ዜና ያለፈ ሌላ ክንውንም ነበር። ቱሪ ቪደሮ የተባሉት ኖርዌያዊት በስካንዲኔቪያን አየር መንገድ በአብራሪነት ሥራ በመጀመር፣ በምዕራቡ ዓለም በትልቅ አየር መንገድ የተቀጠሩ የመጀመሪያዋ ሴት አብራሪ ሆነዋል። በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን አምሳለ ጓሉ ለዚህ ማዕረግ የበቁት እ.ኤ.አ. በ2010 መሆኑ ይታወሳል።

ወታደራዊ አቪየሽን

በወታደራዊው መስክም ከፍተኛ ፍጥነት ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን የታየበት ዓመት ነበር። ከድምፅ ፍጥነት ሦስት እጥፍ እንዲበር የተሠራው ኤክስ ቢ-70 የተባለው የአሜሪካ የሙከራ ቦምብ ጣይ፣ 747 ከመብረሩ አምስት ቀናት አስቀድሞ፣ ጥር 27 ቀን 1961 ዓ.ም የመጨረሻ በረራውን አድርጎ ወደ ሙዚየም ገብቷል።

በአንጻሩ ያለመንደርደሪያ ቀጥ ብሎ መነሳትና ማረፍ የሚችለው ሃሪየር በእንግሊዝ አየር ኃይል አገልግሎት የጀመረው በሚያዝያ ወር ነበር። እ.ኤ.አ. በሜይ ወር በተካሄደው የለንደን ኒውዮርክ የአየር ውድድርም አንድ ሃሪየር በለንደን ሴንት ፓንክራስ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ከሚገኝ የድንጋይ ከሰል ማከማቻ ግቢ ተነስቶ አትላንቲክን በማቋረጥ ችሎታውን አሳይቷል።

ሶቪየት ኅብረት የሠራችው ሚል ቪ-12 ሄሊኮፕተር ሐምሌ 30 ቀን 1961 ዓ.ም ከ40 ሺህ ኪሎ ግራም በላይ ጭነት 2 ሺህ 255 ሜትር ከፍታ ላይ በማድረስ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግቧል። ይሁንና ሄሊኮፕተሩ ከሁለት ናሙናዎች አልፎ በብዛት አልተመረተም። ቱፖሌቭ 22ኤም የተባለው ቦምብ ጣይ በነሐሴ ወር የመጀመሪያ በረራውን ያደረገ ሲሆን፣ በአሜሪካ በኩል ደግሞ የኤፍ-14 እና የኤፍ-15 ተዋጊ ጄቶች ሥራ ለግሩማንና ለማክዶኔል ዳግላስ ኩባንያዎች የተሰጠው በዚሁ ዓመት ነው።

በጦር ግንባሮች ረገድ፣ የአሜሪካ ቢ-52 አውሮፕላኖች ከመጋቢት 9 ቀን 1961 ዓ.ም ጀምሮ ካምቦዲያን በምሥጢር መደብደብ ጀምረዋል። ድብደባው ለ14 ወራት የቀጠለ ሲሆን፣ ዝርዝሩ በይፋ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ሚያዝያ 7 ቀን ሰሜን ኮሪያ ኢሲ-121 የተባለ የአሜሪካ የቅኝት አውሮፕላን በባሕር ላይ መትታ በመጣሏ 31 አሜሪካውያን ሞተዋል። በመካከለኛው ምሥራቅ እስራኤል በሐምሌ ወር አየር ኃይሏን በስዊዝ ቦይ አካባቢ በሰፊው ማሰማራት የጀመረች ሲሆን፣ በታኅሣሥ ወር 1962 ዓ.ም ወታደሮቿ አንድ የግብፅ ራዳር ነቅለው በሄሊኮፕተሮች አንጠልጥለው ወስደዋል።

በኤልሳልቫዶርና በሆንዱራስ መካከል ሐምሌ 7 ቀን በጀመረው አጭር ጦርነት ደግሞ ባለፒስተን ሞተር ተዋጊ አውሮፕላኖች እርስ በርስ ለመጨረሻ ጊዜ ተዋግተዋል። ሐምሌ 10 ቀን የሆንዱራሱ ካፒቴን ፈርናንዶ ሶቶ በአንድ ቀን ሦስት አውሮፕላኖችን መትተው ጥለዋል። ይህ ከሆነ ከሦስት ቀናት በኋላ አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ አርፏል። ጠፈርተኞቹ እ.ኤ.አ. በ1903 ከበረረው የራይት ወንድማማቾች አውሮፕላን የተወሰደ የእንጨትና የጨርቅ ቁራጭ ይዘው የነበረ ሲሆን፣ በሁለቱ ክንውኖች መካከል ያለው ጊዜ 66 ዓመታት ብቻ ነበር።

በአፍሪካ ሰማይ

በአህጉራችን የዓመቱ ዋነኛ የአቪየሽን ጉዳይ የናይጄሪያ የእርስ በርስ ጦርነት ነበር። ምግብና መድኃኒት ወደተከበበችው ቢያፍራ ይገባ የነበረው በሌሊት፣ ኡሊ በተባለ ሥፍራ ወደ ማኮብኮቢያነት በተለወጠ የመኪና መንገድ ላይ በሚያርፉ አውሮፕላኖች ነው። የአብያተ ክርስቲያናት ኅብረት በጦርነቱ ዘመን ብቻ ከ5 ሺህ በላይ በረራዎችን አካሂዷል። ግንቦት 28 ቀን 1961 ዓ.ም አንድ የቀይ መስቀል ዲሲ-7 አውሮፕላን በናይጄሪያ ተዋጊ ጄት ተመትቶ አራት የበረራ ሠራተኞች በመሞታቸው ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል በረራውን ለማቋረጥ ተገዷል።

ከዚህ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ግንቦት 14 ቀን አምስት ትናንሽ የስዊድን ሥሪት አውሮፕላኖች ሮኬት ተጭነው የፖርት ሃርኮርትን አየር ማረፊያ አጥቅተው ነበር። ጥቃቱን የመሩት ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደሉም። በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ዘመን የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን በማብረር ቁስለኞችን የረዱ፣ ከነጻነት በኋላም ኢትዮጵያ አየር ኃይሏን እንደገና ስታደራጅ በቢሾፍቱ የሥልጠናው መሪ የነበሩ ስዊድናዊ ናቸው። ሕይወታቸው ያለፈው እ.ኤ.አ. በጁላይ 1977 በጎዴ ሲሆን፣ በኦጋዴን ጦርነት ለተቸገሩ ሰዎች ዕርዳታ በማድረስ ላይ ነበሩ።

የአደጋው መጠንም ቀላል አልነበረም። መጋቢት 7 ቀን በቬኔዝዌላ ማራካይቦ ከተማ ከመንደርደሪያው እንደተነሳ በመኖሪያ ሠፈር ላይ የወደቀው የቪያሳ ዲሲ-9 አውሮፕላን በውስጡ ከነበሩት 84 ሰዎች ጋር በአጠቃላይ 155 ሰዎችን ለሞት የዳረገ ሲሆን፣ እስከዚያን ጊዜ ከደረሱት የሲቪል አውሮፕላን አደጋዎች ሁሉ የከፋው ነበር። ኅዳር 11 ቀን 1962 ዓ.ም ደግሞ የናይጄሪያ አየር መንገድ ቪሲ-10 አውሮፕላን ሌጎስ ሊያርፍ ሲል ወድቆ የተሳፈሩት 87 ሰዎች በሙሉ ሞተዋል።

የጠለፋው ዘመንና የዘገየው ሕግ

በእ.ኤ.አ. 1969 በዓለም ዙሪያ ከ80 በላይ የአውሮፕላን ጠለፋዎችና የጠለፋ ሙከራዎች ተፈጽመዋል። አብዛኞቹ ወደ ኩባ የተደረጉ ነበሩ። ነሐሴ 23 ቀን 1961 ዓ.ም ከሮም የተነሳ የቲደብሊውኤ ቦይንግ 707 በሁለት የፍልስጤም ሕዝባዊ ነጻ አውጪ ግንባር አባላት ተጠልፎ ወደ ደማስቆ ተወስዷል። ከዚያ ቀደም ብሎ በየካቲት ወር አንድ የኤል አል አውሮፕላን በዙሪክ አየር ማረፊያ ጥቃት ደርሶበታል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከዚህ አላመለጠም። መጋቢት 2 ቀን 1961 ዓ.ም በፍራንክፈርት አየር ማረፊያ ቆሞ በነበረ አውሮፕላኑ ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ በጽዳት ላይ የነበሩ ሴቶች ቆስለዋል። ሰኔ 11 ቀን በካራቺ ታጣቂዎች ሌላውን አውሮፕላን አጥቅተዋል። በነሐሴ ወር ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ይበር የነበረ ዲሲ-3 በተማሪዎች ተጠልፎ ካርቱም ያረፈ ሲሆን፣ በመስከረም ወር መጀመሪያ ደግሞ ወደ ጅቡቲ ይጓዝ የነበረ ዲሲ-6 ወደ ኤደን ተወስዷል። በታኅሣሥ ወር 1962 ዓ.ም ከማድሪድ የተነሳውን አውሮፕላን ለመጥለፍ የሞከሩ ሁለት ሰዎች በአየር ላይ በጸጥታ ሠራተኞች ተገድለዋል። ከተማሪዎቹ ጠለፋ በስተቀር ድርጊቶቹ የኤርትራ ነጻነት ግንባር (ጀብሃ) የፈጸማቸው ናቸው።

ሊጤን የሚገባው የሕጉ ሁኔታ ነው። በአውሮፕላን ውስጥ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን የሚመለከተው የቶኪዮ ስምምነት የተፈረመው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1963 ነበር። ስምምነቱ የአውሮፕላኑን አዛዥ ሥልጣን የሚደነግግ ሲሆን፣ የተጠለፈ አውሮፕላን ያረፈበት አገር መንገደኞቹና ሠራተኞቹ ጉዟቸውን እንዲቀጥሉ እንዲፈቅድ፣ አውሮፕላኑንም ለባለቤቱ እንዲመልስ ያስገድዳል። በሥራ ላይ የሚውለው ግን 12 አገሮች አጽድቀውት 90 ቀናት ሲያልፉ ነው። ይህ እስኪሟላ ስድስት ዓመታት ፈጅቶ፣ ስምምነቱ ኃይል ያገኘው ኅዳር 25 ቀን 1962 ዓ.ም ሆነ። በእነዚያ ዓመታት የተጠለፉ መንገደኞች ዕጣ በአመዛኙ የተወሰነው ባረፉበት አገር መልካም ፈቃድ ነበር።

ስምምነቱ ጠላፊው የግድ እንዲቀጣ ወይም ተላልፎ እንዲሰጥ አያስገድድም ነበር። ይህን ክፍተት ለመሙላት እ.ኤ.አ. በ1970 የሄግ፣ በ1971 ደግሞ የሞንትሪያል ስምምነት ተፈርመዋል። ኢስተርን የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ በ1969 መገባደጃ በብረት መመርመሪያ መሣሪያ መንገደኞችን መፈተሽ የጀመረ ሲሆን፣ በአሜሪካ የሁሉም መንገደኛ ፍተሻ ግዴታ የሆነው በጃንዋሪ 1973 ነው። ዛሬ በየአየር ማረፊያው የተለመደው ፍተሻ ሥር የሰደደው ከዚህ ዘመን ነው።

የዓመቱ ዐበይት ክንውኖች በቅደም ተከተል

ጥር 27 ቀን 1961 ዓ.ም (ፌብሩዋሪ 4)፦ የኤክስ ቢ-70 የመጨረሻ በረራ።
የካቲት 2 (ፌብሩዋሪ 9)፦ የቦይንግ 747 የመጀመሪያ በረራ።
የካቲት 11 (ፌብሩዋሪ 18)፦ በኤል አል አውሮፕላን ላይ በዙሪክ የተፈጸመ ጥቃት።
የካቲት 23 (ማርች 2)፦ የኮንኮርድ 001 የመጀመሪያ በረራ።
መጋቢት 2 (ማርች 11)፦ በኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ላይ በፍራንክፈርት የደረሰ የቦምብ ጥቃት።
መጋቢት 7 (ማርች 16)፦ የማራካይቦ አደጋ።
ሚያዝያ 7 (ኤፕሪል 15)፦ ሰሜን ኮሪያ የአሜሪካን የቅኝት አውሮፕላን መትታ ጣለች።
ግንቦት 21 (ሜይ 29)፦ የኤ300 ስምምነት ተፈረመ።
ግንቦት 28 (ጁን 5)፦ ቱፖሌቭ 144 የድምፅን ፍጥነት አለፈ፤ በዚሁ ዕለት የቀይ መስቀል አውሮፕላን በቢያፍራ ተመትቶ ወደቀ።
ሰኔ 11 (ጁን 18)፦ በኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ላይ በካራቺ የተፈጸመ ጥቃት።
ሐምሌ 13 (ጁላይ 20)፦ አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ አረፈ።
ሐምሌ 30 (ኦገስት 6)፦ የሚል ቪ-12 ሄሊኮፕተር የጭነት ክብረ ወሰን።
ነሐሴ 23 (ኦገስት 29)፦ የቲደብሊውኤ አውሮፕላን ወደ ደማስቆ ተጠለፈ።
መስከረም 21 ቀን 1962 ዓ.ም (ኦክቶበር 1)፦ ኮንኮርድ የድምፅን ፍጥነት አለፈ።
ኅዳር 11 (ኖቬምበር 20)፦ የሌጎሱ ቪሲ-10 አደጋ።
ኅዳር 25 (ዲሴምበር 4)፦ የቶኪዮ ስምምነት በሥራ ላይ ዋለ።
ታኅሣሥ 14 (ዲሴምበር 23)፦ የኤፍ-15 ሥራ ለማክዶኔል ዳግላስ መሰጠቱ ተገለጸ።
ታኅሣሥ 21 (ዲሴምበር 30)፦ ቦይንግ 747 መንገደኞችን ለማጓጓዝ የሚያስችለውን የብቃት ማረጋገጫ አገኘ።

ማጠቃለያ

የዓመቱን ክንውኖች ከተከተላቸው ውጤት ጋር አያይዞ ለሚመለከት፣ በውሳኔ አሰጣጥ ረገድ ሦስት ነጥቦች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛ፣ የአንድ ሥራ ዘላቂነት የሚለካው በሚያስገኘው ዝና ሳይሆን በሚያሟላው ፍላጎትና በሚጠይቀው ወጪ መሆኑ ነው። ኮንኮርድ የላቀ የምህንድስና ውጤት ቢሆንም ያገለገለው ጥቂቶችን ብቻ ነበር፤ 747 ግን የአየር ጉዞን ለብዙኃኑ አቅርቧል። ሁለተኛ፣ የጋራ ፕሮጀክት ውል ሲዘጋጅ መግቢያው ብቻ ሳይሆን መውጫውም መታሰብ እንዳለበት የኮንኮርድና የኤርባስ ተሞክሮዎች ያሳያሉ። በአንደኛው እንግሊዝ ለመውጣት ፈልጋ አልቻለችም፤ በሌላው ቸኩላ ወጥታ ከዓሥር ዓመት በኋላ ተመልሳለች።

ሦስተኛውና ምናልባትም ክብደት ያለው ነጥብ የቶኪዮ ስምምነት ጉዳይ ነው። በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ የተፈረመ ሰነድ ማንንም አይጠብቅም። በፍራንክፈርት የቆሰሉት የጽዳት ሠራተኞችና በየበረሃው አየር ማረፊያ ዕጣቸውን ሲጠባበቁ የነበሩት መንገደኞች፣ አደጋ ከሕግና ከጥንቃቄ ቀድሞ ሲደርስ ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ያመለክታሉ። የዛሬው መንገደኛ በሰላም ወጥቶ በሰላም የሚገባው ግዙፍ አውሮፕላን ስለተሠራ ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያ ዓመት በኋላ የጸጥታው ሥርዓት ደረጃ በደረጃ ስለተገነባም ጭምር ነው።